መኪናዋን ፊት ለፊት የምታቆመው ውድነሽ

ስለ ውድነሽ ብዙ ሰው ብዙ ብሏል። እኔ እስካሁን ዝም ያልኩት ዝም በይ ስለተባልኩ እንጂ የምናገረው አጥቼ አይደለም፤ የሚያውቁኝ ይህን አይጠራጠሩም። አሁን ግን ነገሩ የሚመለከታቸው ሰዎች ፈቅደውልኛል። አንዷ ብቻ ስሜን ቀይሪልኝ ስላለች ደመቀች ብያታለሁ።

የካናዳዋ ካልጋሪ ያኔ በነዳጅ ገንዘብ ያበደች ከተማ ነበረች፤ በፈረንጆቹ 2006 እና 2007 ማለቴ ነው። መሀል ከተማውን ቀና ብሎ ላየው ከፎቁ ክሬኑ ይበዛል። ቡና መሸጫው በር ላይ «ሠራተኛ ስለጠፋ ዛሬ ዘግተናል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ሰው ዕቃውን መኪናው ላይ ጭኖ ከቶሮንቶ ይመጣና ሥራ በዕለቱ ያገኛል፤ ማደሪያ ግን አያገኝም። የቤት ኪራይ ሽቅብ ሲወጣብን እኔና ውድነሽ ፎረስት ሎን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ተጋርተን ገባን። ሁለታችንም ከአርባ ዓመት አልፈናል፣ ሁለታችንም በአንድ የአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን እንዘምራለን፣ ሁለታችንም በአረጋውያን መኖሪያ ፈረንጅ ሽማግሌ እያጠብንና እያጎረስን እንኖራለን። የሚለየን ጠባያችን ነው። እኔ ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎም እናገራለሁ። ውድነሽ ነገር ሲነግሯት አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ትሰማለች፤ የሰማችው ነገር ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ባሏ ያስቀየማት ሁሉ የምትደውለው ለእሷ ነበር። አብሬያት እየኖርኩ አንዷም ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ለማወቅ ስላልሞከርኩ አይደለም።

ለጥናቱ ሥራ የተፈለገችውም ለዚህ ጠባይዋ ነው። አንድ የሕዝብ ጤና አጥኚዎች ቡድን ቀረጥ ያልተከፈለበት ሲጋራና ቤት ውስጥ የሚወጣ አረቄ በከተማው እንዴት እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሚገዛው፣ ምንስ ጉዳት እንደሚያመጣ ማወቅ ፈልጎ ነበር። በሀበሾች በኩል ያለውን የያዘችው ደቦራ የምትባል ካልጋሪ ያደገች ልጅ ናት። ልጅቱ ትምህርቱን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ነገር ግን አማርኛዋ እየተንገዳገደ፣ ጂንሷን ለብሳ የአረቄ ሻጭ በር ብታንኳኳ ማን ይከፍትላታል? ስለዚህ ውድነሽን ቀጠረቻት። የውድነሽ ሥራ የሚሸጡትንና የሚገዙትን ቤታቸው ሄዶ ማነጋገር፣ የቀረጥ ማኅተም ይኑረው አይኑረው እንዲታይ የጨረሱትን የሲጋራ ፓኮ መሰብሰብ፣ ባዶ ጠርሙስ መለመን ነው። ለሁሉም ቃል ትገባለች፤ ስማችሁ ለፖሊስ፣ ለኢሚግሬሽን፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለማንም አይነገርም ትላለች።

አንድ የራሷ የሆነ አሠራር ነበራት። አረንጓዴዋን አሮጌ ኮሮላ እነዚያ ቤቶች ደጃፍ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፊት ለፊት ታቆማታለች። ከመንገዱ ወዲያ አቁመሽ በእግርሽ ብትሄጂ ምናለበት ብዬ ስጨቀጭቃት ይህን አለችኝ፤ «ተደብቄ ከመጣሁ የቤቱ ሰው የሚያሳፍር ነገር ሊነግረኝ እንደሆነ ያስባል። ያፈረ ሰው ደግሞ እውነቱን አይነግረኝም።» ፎረስት ሎን ውስጥ ደግሞ ያቺን ኮሮላ የማያውቅ የእኛ ሰው የለም።

ጉዱ የፈላው በጥር ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ በሆነበት እሑድ አምልኮው አልቆ ስንወጣ የመዘምራን መሪያችን የማትያስ መኪና አልነሳ አለ። ባትሪ ማስነሻ ገመድ ያለው ማን ነው ሲባል ውድነሽ አለኝ ብላ ሮጠች። የኮሮላዋን የኋላ ዕቃ መጫኛ ስትከፍት እዚያ ያስቀመጠችው፣ በብርዱ የደረቀ የላስቲክ ከረጢት ተቀደደና የሰበሰበችው ባዶ የሲጋራ ፓኮ በሙሉ በረዶው ላይ ተዘረገፈ። ከፓኮው መሀል አንድ ጠርሙስ ተንከባሎ ወጣ፤ ባዶ ቢሆንም የአረቄው ሽታ አብሮት ነበር። ምእመኑ ክብ ሠርቶ ቆመ። ያን ሁሉ ያጨሰ ሳንባ እንዴት አድርጎ በዚያ ቀጭን ድምፅ ይዘምራል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ውድነሽ ጎንበስ ብላ ለቀመች፤ ገመዱን ለማትያስ ሰጠችው፤ መኪናው ተነሳ።

በሳምንቱ የጸሎት ቡድን እህቶች ቤታችን መጡ። የሱስ መንፈስ እንዲወጣላት ሊጸልዩላት ነው። እጃቸውን ጫኑባት፣ ሲጋራውን በስሙ እየጠሩ ገሠጹት፣ አንዷ እንዲያውም እየወጣ ነው፣ እየወጣ ነው አለች። እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ ደሜ ይፈላል። ውድነሽ ግን ለእያንዳንዱ ልመና አሜን እያለች ተቀበለች፤ ሲጨርሱ ሻይ አፍልታ አቀረበችላቸው። ከሄዱ በኋላ ምነው አሜን አልሽ ብላት ጸሎት ማንንም አይጎዳም፣ የሚያጨሱትን እያሰብኩ ነው አሜን ያልኩት ብላ ስኒ ማጠቧን ቀጠለች።

ወሬው ግን በሻይ አልቆመም። ኮሮላዋ ደመቀች ደጃፍ ቆማ ታየች። ደመቀች የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለችም። ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ምድር ቤት ውስጥ አረቄ እያወጣች የምትኖር ሴት ናት። ጎረቤት ይጠረጥራል እንጂ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ደንበኛዋ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ ውድነሽን ጠሯት። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ገብረመድኅን ቅን ሰው ናቸው፤ ክፉ ናቸው ብዬ አልዋሽም። በቧንቧ ሥራ ጀምረው በዚያ በጥጋቡ ዘመን የራሳቸውን ኩባንያ ያቆሙ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር ሐይቅ ዳር አዲስ ቤት የገዙ፣ የተቸገረ ሰው ሲያዩ ኪሳቸው የሚፈታ ናቸው። ሕግ ላይ ሲመጡ ግን ይደርቃሉ። እዚያ ቤት ምን እንደምትሠራ ጠየቋት፤ ሥራዬን ነው አለች። ምን ሥራ ሲሏት ልነግርዎት አልችልም፣ እኔ ግን አልጠጣም፣ አላጨስም አለች። ሲጋራው የማን ነው ሲሏትም መልሱ ያው ሆነ። ለሽማግሌዎች ምክንያቱን የማይናገር ሰው በጉባኤው መካከል ንጹሕ ሆኖ ሊቆም አይችልም ብለው ወሰኑ። እስክትናገር ድረስ ከመዘምራንም ከጌታ እራትም ታገደች።

ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። በእኛ ዘንድ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሽማግሌዎቹ በትሪ ቁራሽ እንጀራና በትንንሽ ብርጭቆ የወይን ጭማቂ ያዞራሉ። እንጀራው በመዳፋችን ይቆያል፤ ከዚያ ሁላችንም አብረን እንበላለን። የታገደ ሰው ትሪው ሲደርሰው ተቀብሎ፣ ሳይነካ፣ ለጎኑ ያሳልፋል። ሁሉም ያያል። ውድነሽ ባሏን የቀበረች ሳምንት እንኳ፣ ሱዳን ስደተኛ ካምፕ ውስጥ በደረቅ ብስኩት የተቆረሰ ጊዜ እንኳ ያላመለጣት ማዕድ ነው። የመጀመሪያዋን እሑድ ትሪውን ቀጥ አድርጋ ለእኔ አቀበለችኝ። ቤት ገብታ በሯን ዘግታ ስታለቅስ ግን ሰማኋት፤ እኔም በዚህ በኩል ሆኜ አለቀስኩ።

ደቦራ ስትሰማ ደንግጣ መጣች። «እትዬ ውድነሽ፣ ዚስ ኢዝ፣ ላይክ፣ በጣም አንፌር ነው። እኔ ሌተር ጽፌ ልስጣቸው፣ እሷ ለሪሰርች ነው የምትሠራው ብዬ» አለች።

«ሪሰርቹ ስለ ምንድን ነው ቢሉሽ ምን ልትያቸው ነው?» አለቻት ውድነሽ። «መኪናዬ የቆመችበትን ቤት ሰው ሁሉ አይቷል። ሥራዬ ምን እንደሆነ ያወቀ ቀን ቤቱ ምን እንደሚሸጥ አወቀ ማለት ነው። አትጻፊ።»

ደቦራ ደብዳቤውን ተወችው። እኔ ግን አልተውኩም። ስለ አንድ አረቄ ሻጭ ብለሽ ከጌታ ማዕድ ትቀሪያለሽ ወይ አልኳት። እሷ ቃሌን የሰጠሁት ለሰው ቢሆንም የሰማኝ ጌታ ነው አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ልታወራኝ አልፈለገችም። ክረምቱ አለፈ፣ በረዶው ቀለጠ፣ እሷ ትሪ ታሳልፋለች።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውድነሽ እንደለመደችው ደመቀች ጋ ሄደች። ደመቀች ያን ቀን ደስ ብሏታል። ከእንግዲህ በእሳት መንደድ ቀረ ብላ አንድ ጀሪካን አሳየቻት። ነዳጅ ማውጫ ጉድጓድ ላይ የሚሠራ አንድ ልጅ በርካሽ የሸጠላት ነው። ውኃ የመሰለ ጥሩ ስፒሪት ነው፣ እነሱ ቧንቧው በብርድ እንዳይያዝ ያፈሱበታል፣ እኔ ከአረቄዬ ጋር ቀላቅዬ አበዛሁት አለች። ደቦራ ሥራውን ስታሰለጥናት አጥብቃ ያስጠነቀቀቻት አንድ ነገር ይሄ ነበር። ሜታኖል ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፤ በምላስም በአፍንጫም ከሌላው አይለይም። ውድነሽ ይህን ስትነግራት ደመቀች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ አላወቀችም። ውድነሽ ሳትቆጣ፣ ሳትጮህ፣ አረቄውንም ጀሪካኑንም አንድ ላይ ስታስደፋት ቆየች። ቀጥላም ከአዲሱ ለማን ለማን ሸጥሽ ብላ ጠየቀቻት። የገዙት ጥቂት ናቸው፤ ደመቀች ለሁሉም ደወለች። ያነሱት ሁሉ ገና አልከፈቱትም ነበር፤ እንዲደፉት ነገረቻቸው። ትናንት ማታ የገዛው አንድ ሰው ብቻ ስልኩን አላነሳም።

ሩቤን ነው፤ የጋሽ ገብረመድኅን ልጅ። ሰሜን ካለው ነዳጅ ማውጫ፣ ፎርት ማክመሪ፣ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ለእረፍት ሲመጣ አባቱ ቤት ምድር ቤቱ ውስጥ የሚከርም፣ ብቸኝነቱንም ድካሙንም በደመቀች ጠርሙስ የሚያስታግስ ልጅ ነበር። ውድነሽ ይህን የምታውቀው ከወራት በፊት ራሱ ስለነገራት ነው፤ እሱም ለጥናቱ ካነጋገረቻቸው አንዱ ነበርና። ልብ በሉ፤ ሽማግሌው ማን ነው እያሉ ሲያስጨንቋት በአፏ የያዘችው ስም የገዛ ልጃቸው ነበር። አባትየው የሚያውቁት ነገር የለም።

አሥራ ሰባተኛውን መንገድ ይዛ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቸስተርሚር ነዳች። ኮሮላዋን እንደ ልማዷ በሩ ፊት አቆመችና ደወለች። የከፈቱት ጋሽ ገብረመድኅን ናቸው። እሷን ሲያዩ ለመናገር የመጣች መስሏቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ሩቤንን ፈልጌ ነው ስትላቸው ግን ተኮሳተሩ፤ በሩንም አጠበቡት።

«ጋሼ፣ ሩቤን የጠጣው መጠጥ መርዝ አለበት» አለቻቸው። «አሁኑኑ ሆስፒታል ይድረስ።»

«ምን እንደጠጣ አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እሱን በኋላ ይጠይቁኝ። ልጁን ያስነሱት።»

ወርደው ሲያዩት ሩቤን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን እየዳበሰ ነው። ዓይኔ ላይ በረዶ ይዘንባል፣ አባቴ መብራቱን አብራው አለ። ሐምሌ ነው፤ መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባትየው የመኪናቸውን ቁልፍ ፈልገው አጡት። ሁለቱንም ጭና በኮሮላዋ ሆስፒታል ያደረሰቻቸው ውድነሽ ናት። ሜታኖል ነው፣ ከአረቄ ጋር ተቀላቅሎ ነው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው የጠጣው ብላ ለሐኪሙ ቁርጥ አድርጋ ነገረችው። ሐኪሙ ይህ ባይነገራቸው ኖሮ ሕመሙን ለመለየት ብዙ ሰዓት ይፈጅባቸው እንደነበር፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ዓይኑ እንደሚጠፋ ኋላ ተናግሯል። መድኃኒቱን በደም ሥሩ አስገቡለት።

ጋሽ ገብረመድኅን ግን ሐኪሙ ፊት የተናገረችውን ሁሉ ቆመው ሰምተዋል። የምን መጠጥ እንደሆነ ታውቃለች፣ በምን እንደተቀላቀለ ታውቃለች፣ መቼ እንደተጠጣ ታውቃለች። የሲጋራው ፓኮ፣ የአረቄው ጠርሙስ፣ ያ ሁሉ ዝምታ በአንድ ጊዜ ገጠመላቸው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ፣ ሰው እየሰማ፣ ለልጄ መርዝ የሸጥሽለት አንቺ ነሽ ወይ አሏት። ውድነሽ መሬት መሬት አየች እንጂ አልመለሰችም። ያልተናገሯት ነገር የለም። በእግዚአብሔር ቤት እየዘመርሽ ልጅ ትገድያለሽ አሏት። እኔ ብሆን እዚያው ሁሉንም ከአፍ እስከ ገደፉ ዘክዝኬ ወጥቼ እሄድ ነበር። እሷ አልተናገረችም፤ አልሄደችምም። ሩቤን ይትረፍ አይትረፍ ሳታውቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ፊት ለፊት ተቀምጣ አደረች።

በማግስቱ ሩቤን ዓይኑ ጠራለት። መጀመሪያ ያየው የአባቱን ፊት ነው፤ አባቱ ስለ ውድነሽ የሚሉትን ሲሰማ ደግሞ ሁሉንም ራሱ ተናገረ። ከማን እንደገዛ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየበት፣ ውድነሽ ሻጯ ቤት ለምን እንደምትመላለስ፣ ለእሱም ምን ቃል እንደገባችለት ነገራቸው። ጋሽ ገብረመድኅን ወደ ኮሪደሩ ወጡ። በሩ ክፍት ስለነበር የተባባሉትን ሩቤን አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቷል፤ ለእኔም የነገረኝ እሱ ነው።

«ለምን አይደለሁም አላልሽኝም?» አሏት።

«አይደለሁም ብልዎት ታዲያ ማን ነው ይሉኝ ነበር።»

ለጉባኤው ሁሉንም ተናግሬ ስምሽን አጠራለሁ አሏት። ውድነሽ እምቢ አለች። ሩቤን የነገረዎት ለአባቱ ነው፣ የሴትየዋም ነገር የሴትየዋ ነው፣ ቤቷ ከታወቀ መግቢያ የላትም አለች።

«ታዲያ እገዳሽን ምን ብዬ ነው የማነሳው?»

«ካልሆነልዎት አያንሱት ጋሼ» አለቻቸው። ይህን ስትል እያለቀሰች ነበር አለ ሩቤን።

የነሐሴ የመጀመሪያ እሑድ መጣ። ደመቀች በበኩሏ ምድር ቤቷን አጽድታ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ጀምራለች። ጀሪካኑን ላመጣው ልጅ ደውላ የተናገረችውን እዚህ ላይ አልጽፈውም። ደቦራና ቡድኗም ከነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኛ የሚገዛ ስፒሪት ዓይን ያጠፋል የሚል ማስጠንቀቂያ፣ የማንም ስም ሳይነሳ፣ በየቋንቋው በትነዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን የሚታወቅ ነገር የለም። ውድነሽ ከእኔ ጎን ተቀምጣለች። ትሪው ከመዞሩ በፊት ጋሽ ገብረመድኅን ወደ ፊት ወጥተው ቆሙ።

«በእህታችን በውድነሽ ላይ የፈረድኩት ተሳስቼ ነው» አሉ። «ምክንያቱን አልናገርም። ምክንያቱን የማይናገር ሰው ይታገድ ብዬ የወሰንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እሷ ነጻ ናት፤ የታገድኩት እኔ ነኝ።»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላችን ሹክሹክታው ወዲያው ጀመረ፤ አንዷ ገንዘብ ነው አለች፣ ሌላዋ የባሰ ነገር አለች። ጋሽ ገብረመድኅን የሚባለውን እየሰሙ በመሀል መንገዱ አልፈው መጨረሻው ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። ትሪው ሲደርሳቸው ሳይነኩ አሳለፉት።

ወደ እኛም መጣ። ውድነሽ ቁራሹን አነሳች፤ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ብሉ ሲባል ሁላችንም በላን፤ እሷ አልበላችም። ያን ያህል ወር የተራበችውን ይዛ ተነሳች፤ ሰው ሁሉ እያየ ወደ ኋላ ሄደች። ዞሬ በዓይኔ ተከተልኳት። ከጋሽ ገብረመድኅን ጎን ተቀምጣ ያቺን ትንሽ ቁራሽ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ዘረጋችላቸው።

«እህቴ፣ እኔ እኮ ታግጃለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ» አለች ውድነሽ። «እኔ ከርሜበታለሁ። ለብቻ አይቻልም።»

መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ጋሽ ገብረመድኅን በሰው ፊት ሲያለቅሱ ያን ቀን አየሁ፤ ከዚያም አብረው በሉ።